ድንኳን የማይተከልበት መንገድ

ይህ መንገድ በጠቅላላ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ስምንት ሺህ ብር ቅጣት፣ አንድ ቀን ተኩል ጣቢያ፣ በመዶሻ የተላጠ የቀኝ መዳፍ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ኪሴ ውስጥ የኖረ የዕድር መጋዘን ቁልፍ፣ እና አንዲት ጎረቤት። ስምንት ሺውን ገበያ በሞቀበት አንድ ወር መለስኩት። መዳፌም ድኗል። የቀሩትን ሁለቱን ግን በችርቻሮም በጅምላም ፈልጌ አላገኘሁም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ክረምቱ ወጣ ሲል አዲሱ የዕድር ንብረት ያዥ ድንኳኑን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። በዚያ ሳልፍ ሸተተኝ። የድንኳን ሽታ ያላሸተተ ሰው የለቅሶ ሽታ አያውቅም፤ እርጥብ ሸራ፣ የቀለጠ ሻማ፣ የንፍሮ ውሃ፣ ትንሽ ደግሞ አይጥ። ሰውየው ሸራውን የዘረጋው ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ነው። ሸራ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ ካልተሰጣ ስፌቱ ውስጥ የገባው ውሃ አይወጣም፣ በዓመቱ ይበሰብሳል። ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የእኔ ሥራ አይደለማ። የዕድሩ ሰዎች ተሰብስበው «አረፍ በል» ብለውኛል፣ አርፌያለሁ።

ያንን ድንኳን ስንገዛ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ስንት ዓመት እንደሆነ አልቆጥርላችሁም፤ ብቻ ቤልቦተም ሱሪ የለበሰ ሰው ሲሄድ ከኋላው መንገዱን እየጠረገ ነበር የሚሄደው። መቐለ ያኔ ከአንድ ጫፍ ሆነህ ብታስነጥስ ከሌላው ጫፍ «ይማርህ» የምትባልባት ከተማ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ ሱቅ የለኝም፤ ጀርባዬ ነበር ሱቄ። ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሰሃን፣ ጽጌረዳ የተሳለበት የቻይና ፔርሙዝ፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ በር ለበር እዞራለሁ። ሰሃኑን በብር ከሃምሳ እሸጣለሁ፣ ፔርሙዙ ስምንት ብር ነው፣ ስምንት ብር ለፔርሙዝ የሚከፍል ሰው ደግሞ ሚስቱን በጣም የሚወድ ወይም በጣም የበደለ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ክራር ያስጮኻል፣ ቴፑ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ያረጃል፣ ባትሪ ሲቀየርለት ደግሞ ወጣት ይሆናል። እኛም ዘፈኑን የለመድነው በሁለቱም ዕድሜው ነው። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። በሐምሌ ከላይ የመጣ ጎርፍ አንዱ ቤት በፊት ለፊት በር ገብቶ በጓሮ ይወጣ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳይል።

ታዲያ አንድ ዓመት ሰፈሩ መከረና መንገዱን ድንጋይ እናልብሰው ተባለ። ግንበኛው አቦይ ተስፋይ ነበሩ፤ ጥርሳቸው የጠጠር ያህል የጠነከረ፣ ንግግራቸውም እንደዚያው። ወረቀት አላወጡም፣ ሜትር አልዘረጉም። «መጀመሪያ ድንኳኑን ትከሉልኝ» አሉ። ተከልን። ከላይኛው ሰፈር ሴቶች ድንኳኑን ከሩቅ አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። ማን ነው የሞተው ሲሉ ማንም አልሞተም፣ ልኬት ነው ተባሉ። እንባቸውን ጠርገው አቦይ ተስፋይ ላይ ያወረዱትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሰውየው ግን ድንኳኑን እያስነቀሉ፣ እያስተከሉ፣ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ለኩት፤ በግራና በቀኝ እንስራ የተሸከመች ሴት የምታልፍበትን ጨመሩ፣ ከዚያ ወዲያ የውሃ ቦይ አሉ። አንዱ ጎረቤታችን በእኔ በራፍ ላይ አታሟርትብኝ ብሎ ተቆጣ። አቦይ ተስፋይ ቀና ሳይሉ፣ «ሞት የማይገባበት ቤት ያለው ይናገርና የእሱን በራፍ እዘላለሁ» አሉ። የተናገረ የለም። ድንጋዩን እያንዳንዱ በየደጁ አመጣ፣ እነዚያ የተሳደቡት ሴቶች ውሃ አቀበሉ። መንገዱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቆየ። ሙሽራ አስገባንበት፣ ሬሳ አወጣንበት፣ በመሃሉ የሆነውን ሁሉ ሆንንበት።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ «ኅብረተሰቡን ያሳተፈ የመንገድ ዲዛይን» የሚባል ነገር ወደ ሰፈራችን መጣ። ቢሮውን አልጠራም፤ ቢሮ ሲጠራ ደብዳቤ ይጽፋል። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን፣ ከአንሶላ የሚበልጥ የሰፈራችን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጠፉ፣ በየወንበሩ የታሸገ ውሃ አስቀመጡ። ብሩክ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነበር፤ ከሐዋሳ መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ቀና ልጅ፣ ትግርኛው ከሰላምታ የማያልፍ። አማርኛ የማያውቁ አሮጊቶች ስላሉ እኔ ላስተረጉም ተመረጥኩ። የመረጡኝ አንደበቴ ቀና ስለሆነ አይደለም፤ በሦስት ቋንቋ ዋጋ አልቀንስም የምል ነጋዴ ስለሆንኩ ነው።

ልጁ ባለ ቀለም ወረቀት አደለና፣ የምትፈልጉትን የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ለጥፉ አለ። አየሁ እንግዲህ የወገኔን ይሉኝታ። መቀመጫ የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌ መቀመጫውን ለተማሪዎች ለጠፉ። ተማሪዎቹ ለእናቶች ጥላ ለጠፉ። መብራት የናፈቃት ሴት ለእኔ ምንም፣ ለታችኞቹ ይሁን አለች። ታችኞቹ ደግሞ ለላይኞቹ። ብሩክ ተደሰተ፤ እንዲህ የሚተሳሰብ ሰፈር አይቼ አላውቅም አለኝ። እኔም ይህን ተረጎምኩ፣ ሁሉም ራሱን ዝቅ አደረገ።

በመጨረሻ ልጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብልሁ እሱ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ በየቀኑ የማይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር አለ ወይ አለ። ተረጎምኩ። ሰማንያ ሰው የሚያህል ነበርን፣ ሰማንያውም አንድ ነገር አሰብን። ድንኳን። ግን የት ይለጠፋል? ድንኳን የሚተከለው የሞተው ሰው በራፍ ላይ ነው። ወረቀቱን ይዘህ ካርታው ላይ አንድ በራፍ ስትነካ እገሌ ይሙት ማለትህ ነው። ከዚያም የባሰ ነበር። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ለታይ ተቀምጣለች። ለታይ ከሱቄ አጠገብ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሷ በርበሬ አስነጥሼ፣ እሷም በእኔ ባልዲ ውሃ ቀድታ የኖርን ጎረቤት ናት። ባሏ ሓጎስ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የድንኳናችንን ሸራ ሁለት ጊዜ ሲቀየር ሁለቱንም ጊዜ የሰፋው እሱ ነው፣ በነጻ። ያን ሰሞን ከዓይደር ሆስፒታል ተመልሶ ቤቱ ተኝቷል። ሊድን እንዳልተመለሰ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እና ሁሉም ሰው ለታይን ላለማየት ጣሪያውን ያያል።

የድንኳኑ ያዥ እኔ ነኝ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ምሰሶው ስንት ክንድ ላይ እንደሚቆም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ብሩክ ባዶ ወረቀት ዘርግቶልኝ ይጠብቃል። ወረቀቱን ተቀበልኩና ኪሴ ከተትኩት። «ሌላ የለም» አልኩት።

ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ። ጨዋ ነህ ማለታቸው ነው። እኔም ኮራሁ። ከመግቢያው ላይ ስማችንን ፈርመን ነበር፤ ለውሃው መስሎን።

መንገዱ በስምንት ወር ተሠራ። አምሮ እንደነበር አልክድም። ለስላሳ ንጣፍ፣ የውሃ መውረጃ፣ መብራት። መሃሉን ይዞ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አሥር የሲሚንቶ ሳጥን፤ በየሳጥኑ አንድ ችግኝ፣ ችግኙን የከበበ በሰው ቁመት የብረት አጥር። በተመረቀ ማግስት በጠዋት ወጥቼ በእርምጃዬ ለካሁት። የድንኳኑ የመሃል ምሰሶዎች የሚቆሙበት መስመር ላይ ነው ሳጥኖቹ የተደረደሩት። ከላይ እስከ ታች ድንኳን የሚተከልበት አንድ ቦታ የለም። አሥራ ሁለት በራፍ አለን፣ ለአሥራ ሁለቱም የለም። ከታች ስምንተኛው በራፍ ላይ ቤቴ አለ፣ እዚያ ስደርስ ተቀመጥኩ።

ብሩክን ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ ግደይ፣ እኔ እኮ ጠይቄያችሁ ነበር» አለኝ። ለምን እንዳልተናገርን አስረዳሁት። ሰዎቹ ያልተናገሩትን የት እንደምጽፍ ማንም አላስተማረኝም አለ። በዚያው ዕለት ሁለት ሳጥን ይነሣ ብሎ ለቢሮው ጻፈ። ልጁ ላይ ቂም የለኝም። ቂሜ ቢሮው ውስጥ የተቀበለኝ ሰው ላይ ነው፤ ሰማያዊ ፎልደር የማይለየው ሰው። አራት ጊዜ አመላለሰኝ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ መስክ ነው፣ አንዴ እዚያው ተቀምጦ የለም አስባለ፤ ጫማውን በበሩ ሥር አየሁት። በአምስተኛው ፎልደሩን ገለጠ። በመግቢያው ላይ የፈረምነው ወረቀት ከዲዛይኑ ጋር ተጣብቋል፤ ራስጌው ላይ ተስማምተናል የሚል ተጽፎበታል፣ ስንፈርም ያልነበረ። ከሥሩ ደግሞ ቃለ ጉባኤ።

«አቦይ ግደይ፣ ‘ሌላ የለም’ ያለው ማን ነው? ስምዎት ይኸው» አለኝ። ከዚያም ምክር ጨመረልኝ፣ ለቅሶ በአዳራሽ ይሁን፣ ዘመናዊነት ነው አለ። እሱ የሚለው አዳራሽ ከሰፈራችን በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። ሬሳ የወጣበትን በራፍ ትታችሁ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ አልቅሱ ማለቱ ነው። አባቱ ሲሞት የት እንደተቀመጠ ጠየቅሁት። ጥበቃ ጠራ።

ሓጎስ የሞተው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የዕድሩ ሰዎች ተሰበሰቡና ከጋራዡ ኋላ ያለው ባዶ ቦታ ላይ እንትከል አሉ። ግሪስና የተጣለ ጎማ ያለበት ቦታ ነው። ለታይ ይህን ስትሰማ ከቤት ወጣች። አላለቀሰችም። የመጀመሪያ ልጃቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት ነው የሞተው፤ መርዶው የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፣ የሚተክል ጎረምሳም የሚቀመጥ ጎረቤትም አልነበረም፣ በሯን ዘግታ ብቻዋን አለቀሰች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም።

«አያ ግደይ» አለችኝ፣ ከሰው ሁሉ መርጣ። «ለልጄ ድንኳን አልነበረም። ለአባቱ ይኑር። እዚሁ፣ በራፌ ላይ። የሰፋው እሱ ነው።»

ምን ትላላችሁ? ቃለ ጉባኤ ልጥቀስላት? ሱቄ ገባሁ፣ ለገበያ ካስቀመጥኳቸው መዶሻዎች ትልቁን መረጥኩ፣ ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ በራፏ ፊት ያሉትን ሁለት ሳጥኖች ሰበርኩ። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ አንደኛውን ለመስበር ከጸሎተ ፍትሐት የረዘመ ጊዜ ወሰደብኝ። ማንም አላገዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ያው ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ የሓጎስ የእህት ልጅ መጥቶ ብረቱን ነቀለልኝ። ችግኞቹን ከነአፈራቸው ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ባልዲዎቹ የራሴ ናቸው፣ ከቅጣቱ ላይ አልታሰቡልኝም። ንጣፉ ችካል ስለማይቀበል ገመዱን ድንጋይ የሞላንበት ማዳበሪያ ላይ አሰርን። ድንኳኑ ቆመ። ለታይ ከሥሩ ገብታ ስፌቱን በእጇ ነካችና ያኔ አለቀሰች።

ሁለት ፖሊሶችና ባለ ፎልደሩ የመጡት በማግስቱ ነው። እንደ ደንቡ ጫማቸውን አራግፈው ገቡ፣ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» አሉ፣ ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ። ባለ ፎልደሩ ዲዛይኑ የፈረሰበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ንፍሮ አስጨመረ። ፎልደሩን ከወንበሩ ሥር አስቀምጦት ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል አንደኛው ፖሊስ ተመልሶ መጣና ሸራውን አብሮን ጠቀለለ፣ ሲጨርስ እጁን አራግፎ፣ አባቴ እንግዲህ እንሂድ አለኝ። ሄድኩ። የሕዝብ ንብረት ማውደም። ሕዝቡ ማን እንደሆነ ዳኛውን ብጠይቀው ጥሩ ነበር፣ ግን ቅጣት ይጨምራል ብዬ ዋጥኩት።

የጣቢያው ነገር ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ለታይ በርበሬዋን እየለቀመች ሳለ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ እኔ ብለህ ተቀጣህ ብላ ስትባርከኝ ሰንብታለች፤ ምርቃቱ አላስተኛ አለኝ። እውነቱን ነገርኳት። አዳራሹን፣ ጥያቄውን፣ ወረቀቱን። አንቺ ፊት ሆኜ እንዴት ድንኳን እላለሁ፣ አንቺን ብዬ ነው አልኳት። ትባርከኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር ብል አልዋሽም።

እጇን ከበርበሬው አወጣች። ሓጎስ እንደሚሞት ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር አለችኝ። አዳራሹ የሄድኩት ለምን መሰለህ፤ እሱ ነው ሂጂ፣ የድንኳኑን ቦታ አስከብሪ ብሎ የላከኝ አለች። ልጁ ሲጠይቅ እጄን ላነሣ ነበር፣ አንተ ቀደምከኝ አለች። ይህን ሁሉ ድምፅዋን ሳታነሣ ነው የምትለው፣ ብትጮህ በቀለለኝ።

«ሓጎስ ያን ማታ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቃለህ? ‘አያ ግደይ አለ፣ ድንኳኑን እሱ ያውቃል፣ ኋላ ለብቻቸው ይነግራቸዋል’ ነው ያልኩት። እሱም አምኖ ተኛ።»

መሬት የወደቀ አንድ በርበሬ አንሥቼ መለስኩላት።

«ቢሮውን አትስደብብኝ» አለች፣ ተመልሳ ወደ በርበሬዋ ጎንበስ ብላ። «እነሱስ ጠይቀውኝ ነበር። አንተ ነህ የመለስክልኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ አላት፣ ሰላምታ ብቻ። ውሃዋን በሌላ ሰው ባልዲ ትቀዳለች። ነገሩ ዕድሩ ጆሮ ደረሰ። ተሰበሰቡ። በዚያ አዳራሽ ጣሪያ ሲያዩ የነበሩት ሰማንያ ሰዎች ሰማንያውም ተቀይመው መጡ፤ እኛ ብናፍር አንተ የድንኳን ያዥ ነህ፣ አንተ ማፈር አልነበረብህም አሉኝ። ትከሻዬን ነክተው ጨዋ ነህ ያሉኝ እነዚያው እጆች ቁልፉን ተቀበሉኝ። ደክመሃል፣ አረፍ በል። እንደዚህ ያለ የተሸሞነሞነ ስንብት አይቼ አላውቅም። ተናድጄ ወጣሁ፣ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም፤ በባለ ፎልደሩ፣ በሰማንያው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ ‘ሌላ የለም’ ባለው ምላሴ፣ እሱን ደግሞ ተሸክሜው ነው የምዞረው።

ብሩክ እንደገና ጽፎ ነበር። በጀቱ ተዘግቷል የሚል መልስ መጣለት። የሰበርኳቸውን መልሶ ለመሥራትም፣ የቀሩትን ለማንሣትም በጀቱ ተዘግቷል።

ስለዚህ ሒሳቡ ይህ ነው። ሳጥን አሥር፤ የተሰበረ ሁለት፣ የቀረ ስምንት። በራፍ አሥራ ሁለት፤ ድንኳን የሚተከልበት አንድ፣ የማይተከልበት አሥራ አንድ። የእኔ ከአሥራ አንዱ ነው።